ወደ ሮቦት ውድድር የሚደረግ ጉዞና አገር ማየት በትምህርት ውስጥ ያላቸው ስፍራ
(ከሞጣና ከቢቸና መንገድ የተወሰደ አስተያየት)

ተማሪዎችን ከትምህርት ቤታቸው አውጥቶ ወደ ሌላ ከተማ ለውድድር መውሰድ በብዙ የትምህርት አስተዳዳሪዎች ዘንድ ከሥርዓተ ትምህርቱ ውጭ የሆነ፣ ገንዘብ ሲተርፍ የሚደረግ፣ ገንዘብ ሲያጥር ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሠረዝ ጉዳይ ተደርጎ ይታያል። ጉዞው ቢፈቀድ እንኳ በመንገድ ላይና በደረሱበት ከተማ የሚደረገው ጉብኝት እንደ መዝናኛ ተቆጥሮ ከዕቅዱ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ አመለካከት የተሳሳተ መሆኑን ማስረዳት ነው። በምሳሌነት የሚወሰደው የሮቦት ቡድን ጉዞ ሲሆን፣ መንገዱም ከሞጣ ተነሥቶ በቢቸናና በደጀን በኩል ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ የሚገባው ጎዳና ነው።

ለዕውቀት መጓዝ ለምሥራቅ ጎጃም እንግዳ ነገር አይደለም። ከቢቸና ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው ዲማ ጊዮርጊስ በቅኔ ትምህርቱ ስመ ጥር የሆነ ደብር ነው፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ባለ ታሪካቸውን በዛብህን ከዚሁ ደብር ጋር ያገናኙት ያለ ምክንያት አይመስልም። የቅኔ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው በእግሩ ሲዘዋወር የኖረው እንጀራ ፍለጋ ብቻ አልነበረም። በዋሸራ ቤት የለመደውን አካሄድ ይዞ በጎንጅ ቤት ሰዎች ፊት ሲቆም፣ በገዛ ጉባኤው ሲደነቅለት የቆየው ቅኔ በሌላ ጆሮ ይመዘናል። በቤት ያልታየ ጉድለት በውጭ ይታያል። ዛሬ በሮቦት ውድድር የምናየውም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

ሮቦት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የሰው መልክ ያለውን ማሽን ነው። በትምህርት ቤት የሚሠራው ሮቦት ግን አብዛኛውን ጊዜ ባለ ሁለት ወይም ባለ አራት ጎማ አነስተኛ ተሽከርካሪ ነው። ሞተር፣ ባትሪ፣ በዙሪያው ያለውን ነገር የሚለዩለት ሴንሰሮች፣ እንዲሁም እንደ አርዱዊኖ ያለ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ ይኖሩታል። ተማሪው በኮምፒዩተር የጻፈው ትእዛዝ በሰሌዳው ላይ ይጫንና ማሽኑ በዚያው መሠረት ይንቀሳቀሳል። ከተለመዱት የጀማሪ ሥራዎች አንዱ በነጭ ወለል ላይ የተለጠፈ ጥቁር መስመር ተከትሎ የሚሄድ ተሽከርካሪ መሥራት ነው። ሴንሰሩ ወደ ወለሉ ብርሃን ይልካል፤ ነጩ ብዙውን፣ ጥቁሩ ጥቂቱን ይመልሳል። ለምሳሌ በክፍል ውስጥ ሲለካ ነጩ 800፣ ጥቁሩ 200 ቢሰጥ፣ ተማሪው መካከሉን፣ ማለትም 500ን ወሰን አድርጎ ይጽፋል። እዚህ ላይ ሁሉም ነገር በደንብ ይሠራል።

ውድድሩ የሚደረገው ግን በክፍል ውስጥ አይደለም። ሰፊ መስኮት ባለው ወይም ኃይለኛ መብራት በበራበት አዳራሽ ከውጭ የሚመጣው ብርሃን በሴንሰሩ ንባብ ላይ ይጨመራል። ጥቁሩ ከ200 ወደ 600 ከፍ ቢል ማሽኑ ጥቁሩንም እንደ ነጭ ይቆጥረዋል፤ መስመሩንም ትቶ ይሄዳል። ትእዛዙ ስሕተት የለበትም። ስሕተቱ «ብርሃን ሁልጊዜ እንደ ክፍላችን ነው» ከሚለው፣ ማንም ሳይጽፈው በትእዛዙ ውስጥ ከተሸሸገው ግምት ላይ ነው። መድኃኒቱም ማሽኑ ከመነሣቱ በፊት በዚያው አዳራሽ ነጩንና ጥቁሩን እንደገና ለክቶ ወሰኑን ራሱ እንዲያወጣ ማድረግ ነው። ይህን ትምህርት ቢቸና ወይም ሞጣ ተቀምጦ በቃል ማስረዳት ይቻላል፤ ተማሪው ግን የሚያምነው ማሽኑ በሰው ፊት ሲስትበት ነው።

ይህ ጸሐፊ ነገሩን የተማረው በራሱ ጥፋት ነው። በ2011 ዓ.ም. ከሁለቱ ከተሞች የተውጣጡ ስምንት ተማሪዎችን አስከትሎ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ፣ ጊዜን መቆጠብ እንጂ ሌላ ነገር አላሰበም ነበር። ከሞጣ ሳይነጋ ተነሥተን፣ ቢቸና ላይ የቀሩትን ተማሪዎች ጭነን፣ ዓባይ በረሃ ስንደርስ ልጆቹ መኪናው ጥቂት እንዲቆምላቸው ለመኑ። «ሰዓት ይባክናል» ብሎ የከለከለው ይኸው ጸሐፊ ነው። አዲስ አበባም ከደረስን በኋላ ለሁለት ቀን መጋረጃው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲለማመዱ ዋሉ። በውድድሩ ቀን ከላይ በተገለጸው የብርሃን ምክንያት በመጀመሪያው ዙር ወደቁ፤ በማግሥቱም ተመለስን። ከሳምንት በኋላ ከተማሪዎቹ አንዷ የነገረችን ጉዳይ እስከ ዛሬ አልተረሳም። አያቷ «አዲስ አበባ ምን አየሽ?» ብለው ሲጠይቋት የመለሰችላቸው «ጠረጴዛና ሽቦ» ብላ ነው። ከዚህ የበለጠ የጉዞ ግምገማ ሪፖርት አላነበብንም።

በተከታዩ ዓመት ኅዳር ወር ላይ ሌላ ቡድን ይዘን ስንሄድ በመንገዱ ላይ ሦስት ሰዓት ጨመርን። ደጀን ከገደሉ አፋፍ ላይ አንድ ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ክዳኑ ተጠብቆ ተዘጋ፤ የአየር ግፊት የሚለካ ሴንሰርም ከመቆጣጠሪያው ሰሌዳ ጋር ተገጠመ። ደጀን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲገኝ፣ ድልድዩ ያለበት ሸለቆ ከዚያ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። በስሌት የአየሩ ግፊት ከላይ 750 ሚሊባር ያህል፣ ከታች 890 ሚሊባር ያህል መሆን አለበት። ልጆቹ በየጠመዝማዛው ንባቡን ይጽፉ ጀመር። ከታች ስንደርስ ፕላስቲኩ ጎኑ ገብቶ ተጨማዶ ነበር። ከመካከላቸው አንድ ተጠራጣሪ «በሙቀቱ ቀልጦ ነው» አለ፤ ሌላው «ክዳኑ አፍስሶ ነው» አለ። ክርክሩ ሳያልቅ ጎሐ ጽዮን ወጣን፤ ፕላስቲኩም ማንም ሳይነካው ወደ ቀድሞ ቅርጹ ተመለሰ። ቀልጦ ወይም አፍስሶ ቢሆን ኖሮ ባልተመለሰ ነበር። አሥር ብር በማይሞላ ወጪ የተገኘውን ይህን ማስረጃ በአንድ ክፍለ ጊዜ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ማሳየት የሚችል መምህር ቢኖር ይህ ጸሐፊ ሊማርበት ዝግጁ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው የድልድዮቹ ጉዳይ ነው። ከሮቦት ሥራ ጋር የተያያዘ ጉብኝት ሲባል የግድ ማሽን ያለበት ቤት መፈለግ አያስፈልግም፤ ዓባይ ራሱ ለዚህ አካባቢ ልጆች የምሕንድስና መማሪያ ነው። በሸለቆው ውስጥ በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው የሕዳሴ ድልድይ ከአሮጌው ድልድይ ጎን ቆሟል። ርዝመቱ 303 ሜትር ሲሆን፣ ሸክሙን ከፊል በገመዶች ወደ ምሰሶዎቹ ያስተላልፋል። ሁለቱን በአንድ ቦታ ቆሞ ማነጻጸር ይቻላል። ወደ ባሕር ዳር ለሚሄድ ቡድን ደግሞ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ፣ በጢስ ዓባይም በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራው የዓላታ የድንጋይ ድልድይ አለ።

ከሁሉም ይልቅ ትምህርት ያለው ግን ለሞጣ ልጆች ቅርብ የሆነው ሰባራ ድልድይ ነው። ጎጃምን ከደቡብ ጎንደር የሚያገናኘው ይህ የድንጋይ ድልድይ በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደ ተሠራ ይነገራል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ተቆረጠ፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሰዎች በክፍተቱ ላይ በገመድ እየተሳሳቡ ይሻገሩ ነበር። ይህን የሚያሳይ ፎቶግራፍ በአንድ የአሜሪካ መጽሔት ላይ ወጥቶ ያየ ኬን ፍራንዝ የተባለ ሥራ ተቋራጭ ድልድዩን ለማስጠገን ተነሣ፤ «ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ» የተባለው በልዩ ልዩ አገሮች የእግረኛ ድልድይ የሚሠራ ድርጅትም ከዚህ ሐሳብ ተወለደ። እ.ኤ.አ. በ2002 ክፍተቱ በብረት ተጋጠመ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2005 የመጣው ጎርፍ ጥገናውን ወሰደው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ በገመድ የተንጠለጠለ አዲስ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። በመጀመሪያው ጊዜ ጥገናው ተሳክቶ ነበር፤ ወንዙ ግን ሌላ ቀን ሌላ መጠን ይዞ መጣ። በአዳራሹ ብርሃን የተሸነፈ ተማሪ ከዚህ ድልድይ አጠገብ ቆሞ ታሪኩን ቢሰማ፣ የእርሱ ችግርና የመሐንዲሶቹ ችግር አንድ ዓይነት መሆኑን ያለ መምህር እገዛ ይረዳዋል።

ዓለም አቀፉ ውድድርም ከዚህ አኳያ መታየት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1989 «ፈርስት» የተባለውን ድርጅት ያቋቋመው አሜሪካዊው የፈጠራ ሰው ዲን ኬመን ካስጀመራቸው ሥራዎች አንዱ በየዓመቱ በተለያየ አገር የሚደረገው «ፈርስት ግሎባል ቻሌንጅ» ነው። የመጀመሪያው በሐምሌ 2009 ዓ.ም. በዋሽንግተን ዲሲ ሲደረግ ከ150 በላይ አገሮች ወጣቶቻቸውን ልከዋል፤ የኢትዮጵያ ልጆችም በዚህ ውድድር ተሳታፊዎች ሆነዋል። ለሁሉም ቡድን አንድ ዓይነት ዕቃ ይላካል። ስለሆነም ሀብታሙ አገር በዕቃ ብዛት አይበልጥም። በዚያ ዓመት ርእሱ ንጹሕ ውኃ ነበር፤ ሮቦቶቹ የውኃና የቆሻሻ ምሳሌ የሆኑ ባለ ሁለት ቀለም ኳሶችን ይለያሉ። እያንዳንዱ ግጥሚያ ሁለት ደቂቃ ተኩል ሲሆን፣ ሦስት አገሮች በጥምረት ሆነው ሌሎች ሦስት አገሮችን ይገጥማሉ። በሚቀጥለው ግጥሚያ ግን የቀድሞው ተጋጣሚ ወዳጅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ተማሪው በማይችለው ቋንቋ ከማያውቀው ልጅ ጋር በደቂቃዎች ውስጥ ሥራ መከፋፈልን ይማራል። ይህ ከቤት ሆኖ የሚገኝ ትምህርት አይደለም።

በዚያው ውድድር ከሄራት የመጡት የአፍጋኒስታን ልጃገረዶች ቪዛ ሁለት ጊዜ ተከልክለው በመጨረሻው ሰዓት እንዲገቡ መደረጉ በዓለም ሁሉ ተወርቷል። ትምህርቱ ለዐቃጆች ነው። ማሽኑን ሠርቶ መጨረስ ከሥራው ግማሹ ነው፤ ፓስፖርቱ፣ የወላጅ ፈቃዱ፣ የማደሪያው ጉዳይ ሌላው ግማሽ ነው፤ መጀመር ያለበትም ከማሽኑ ጋር እኩል ነው። ዕቃ አያያዝም ቀላል ነገር አይደለም። በ2010 ዓ.ም. የአዲስ አበባው «አይኮግ ላብስ» የተሳተፈባት ሶፊያ የተባለችው ሮቦት ወደ አዲስ አበባ ስትመጣ፣ አንዳንድ የአካሏ ክፍሎች ያሉበት ሻንጣ ፍራንክፈርት አውሮፕላን ጣቢያ ላይ ጠፍቶ ነበር። በዓለም የታወቀችው ሮቦት ይህ ከደረሰባት የእኛዋ ተሽከርካሪ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ በእጅ ቦርሳ መያዝ እንዳለበት ግልጽ ነው። ትርፍ የሊቲየም ባትሪም በአውሮፕላን ሲጓዙ በእጅ ይያዛል እንጂ ወደ ጭነት ክፍል አይገባም፤ በአጠቃላይም ከ100 ዋት ሰዓት በላይ የሆነው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። ስሌቱን ለተማሪዎቹ መተው ነው፤ ቮልቱ በአምፔር ሰዓቱ ይባዛል። 11.1 ቮልትና 5 አምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ 55.5 ዋት ሰዓት ስለሚሆን ያልፋል።

ስለ ሴት ተማሪዎች አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ጉዞ ከቢቸና ልትመጣ የነበረች ጎበዝ ተማሪ ቀርታለች። አባቷ «መምህር፣ ሽቦውን አልጠላሁም፤ የት እንደምታድር ግን የነገረኝ ሰው የለም» ብለው ነበር። ልክ ነበሩ፤ እኛም የምንሰጣቸው መልስ አልነበረንም። በሁለተኛው ዓመት አንዲት መምህርት አብራ እንድትሄድ ተደርጎ፣ የየሌሊቱ ማደሪያ በጽሑፍ ተዘርዝሮ ለየወላጁ ሲሰጥ ያው አባት ፈረሙ። ብዙ ጊዜ «የባህል ተጽዕኖ» እያልን በሪፖርት የምንጽፈው ነገር የዚህ ዓይነት ወረቀት አለመኖር ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ይገባል።

የወቅቱ ሁኔታ ግን ሊሸሸግ አይገባም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በደረሰው የትጥቅ ግጭት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቆይተዋል፤ መንገዶችም በተደጋጋሚ ተቋርጠዋል። ልጆችን ለአደጋ የሚያጋልጥ ጉዞ ሊታሰብ አይችልም። ይሁን እንጂ በዚህ ምክንያት የጉዞውን ርእስ ከዕቅድ ሰነድ ውስጥ መሠረዝና ለጊዜው ማቆየት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንድ ጊዜ የተሠረዘ የበጀት አርእስት መልሶ እንደማይገኝ ዐቃጆች ከዚህ ጸሐፊ ይልቅ ያውቃሉ። መንገድ እስኪከፈት ድረስም ጉዞን ማሳጠር ይቻላል። ትምህርት በሚሰጥበት ቦታ ሁሉ ማሽኑን ከክፍል ወደ ግቢ፣ ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ጎረቤቱ ማውጣት የብርሃኑን ፈተና ያስገኛል። ሁለት ትምህርት ቤቶች አንድ ዓይነት መስመር በአንድ ልክ ለጥፈው የየማሽናቸውን ሰዓት በስልክ ሊለዋወጡ ይችላሉ። በእርግጥ ይህ የዓባይን በረሃ አይተካም።

መንገዱ ሲፈቅድ ግን ለጉዞው የሚሰጠው ነጥብ አስቀድሞ ቢወሰን መልካም ነው። በእኛ ሙከራ ከመቶው አርባው ለማሽኑ፣ ሠላሳው በመንገድ ላይ ለተያዘው መዝገብ፣ የቀረው ሠላሳ ደግሞ ተማሪው ከተመለሰ በኋላ ላልሄዱት ጓደኞቹ ለሚሰጠው አንድ ክፍለ ጊዜ ተደልድሎ ነበር። በሁለተኛው ዓመት የተጓዙት ልጆች የግፊቱን ንባብ የጻፉበት ደብተር በትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከሉ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ከደጀን እስከ ድልድዩ ሃያ ሦስት ንባቦች ተመዝግበውበታል፤ አሥራ አራተኛው ንባብ ላይ አንድ ተማሪ «እዚህ ጋ ዝንጀሮ ስናይ ሳንለካ አለፍን» ብሎ ጽፎበታል።