ርእሱ የተረሳ ልብ ወለድ እንዴት ይፈለጋል?

በደብረ ሲና የሚኖሩ አንድ አዛውንት በወጣትነታቸው ያነበቡትን መጽሐፍ እንድንፈልግላቸው ጠየቁን። ርእሱንም ደራሲውንም ረስተዋል፤ የሚያስታውሱት መንታ ወንድምና እኅት እንደ ነበሩ፣ ልጅቱም የወንድ ልብስ ለብሳ እንደ ተጓዘች ብቻ ነው። ርእስ ቢረሳም ታሪክ ስለሚቀር ፍለጋችንን ከዚሁ ጀመርን። ታሪኩን ለአንባቢዎች ብንነግር «ጦቢያ» ነው አሉን። ነገር ግን የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ድርሰት በ1900 ዓ.ም. ሮማ ሲታተም ርእሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር። ደራሲውም በአንዱ የቤተ መጻሕፍት መዝገብ በራሱ ስም ከ«አ»፣ በሌላው በአባቱ ስም ከ«ገ» ሥር ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ፈላጊ አስቀድሞ ታሪኩን ይናገር፤ ቀጥሎም ሁለቱን ርእስና ሁለቱን ፊደል ይመልከት። መጽሐፉ ሲገኝ የአዛውንቱ ዓይን ደክሞ ስለ ነበረ እኛው አነበብንላቸው።