ለተጎዳች ወፍ የመጀመሪያ እርዳታ

አዲስ አበባ ውስጥ ዛፍ ያለበት ግቢ የሚኖር ሰው ዋኖስን ሳያውቃት አይቀርም። ማለዳ ከጥዱ ወይም ከቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ሆና የምታሰማው ድምፅ የሰፈሩ ድምፅ ነው። በኢትዮጵያ ከሚገኙት ከ800 በላይ የወፍ ዝርያዎች መካከል ደጃፋችን ድረስ መጥተው የሚኖሩት እንደ ዋኖስ፣ ርግብና ድንቢጥ ያሉት ናቸው። በረንዳ ላይ ወድቀው የምናገኛቸውም አብዛኛውን ጊዜ እነሱው ናቸው።

ዛሬ ዛሬ ለመውደቃቸው አንዱ ምክንያት መስታወት ነው። ቤቱም ፎቁም በሚያንጸባርቅ መስታወት እየተሸፈነ መጥቷል። ወፏ መስታወቱ ውስጥ የምታየው የግቢውን ዛፍና ሰማዩን ስለሆነ፣ መንገድ መስሏት በሙሉ ፍጥነቷ ትላተመዋለች። የተላተመችው ዋኖስ ወይም ርግብ ከሆነች መስታወቱን ጠጋ ብለው ይመልከቱት፤ የላባዋ ነጭ ብናኝ የተዘረጋ ክንፏን፣ አንዳንዴም ጭንቅላቷን ሳይቀር ቁልጭ አድርጎ አትሞ ይገኛል። ከሥሩ ወፏ ላባዋን ነፍታ፣ ዓይኗን ግማሽ ጨፍና፣ ምንቃሯን ከፍታ ትተነፍሳለች። ሰው ሲጠጋት የማትሸሸው ለማዳ ሆና ሳይሆን ጭንቅላቷ ስለተመታ ነው። ሌሎቹን ደግሞ ድመት፣ የልጆች ወንጭፍና የክረምት በረዶ ይጥላቸዋል። የከተማ ርግቦችን እግር ልብ ብሎ ያየ ሰው ጣታቸው ላይ የተጠመጠመ ክርና የሰው ፀጉር ያገኛል፤ እየጠበቀ ሲሄድ ደም ይከለክልና ጣቱን ይቆርጠዋል።

እንዲህ ያለች ወፍ ስናይ አንጀታችን ይንሰፈሰፋል፤ እጃችንም ወዲያው ወተትና ዳቦ ፍለጋ ይሄዳል። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። የአየር ቧንቧዋ አፍ ከምላሷ ሥር ስለሆነ፣ ምንቃሯን ከፍተን የምናፈስላት ውኃ ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። ወተት ደግሞ ጨጓራዋ የሚፈጨው ምግብ አይደለም። አያያዙም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ወፍ እንደ ሰው ድያፍራም የላትም፤ የምትተነፍሰው የደረት አጥንቷን እንደ ወናፍ ወደ ታችና ወደ ላይ በማንቀሳቀስ ነው። ስለዚህ ደረቷን ጨብጦ መያዝ ማፈን ነው። ልጆች ተሰብስበው ሲያሻሿት ዝም የምትለውም ተመችቷት አይደለም፤ ፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱ ብቻውን ሊገድላት ይችላል።

የሚያድናት ጨለማ፣ ጸጥታና ሙቀት ነው። የጫማ ካርቶን ይፈልጉ፤ ጎንና ጎኑን ለአየር ይብሱት፤ ከሥር ጨርቅ ያንጥፉበት፤ ጥፍሯ እንዳይያዝ ጨርቁ ክሩ ያልተመዘዘ ይሁን። ከዚያ ስስ ፎጣ ጣል ያድርጉባትና ክንፎቿ በጎኗ እንደተሰበሰቡ በሁለት እጅ ቀስ ብለው አንስተው ያስገቧት፤ ይክደኑት። የወፍ የሰውነት ሙቀት ከሰው ይበልጣል፤ 40 ዲግሪና ከዚያ በላይ ነው። የተጎዳች ወፍ ይህን ሙቀት መጠበቅ ያቅታታል። በሃይላንድ ሞቅ ያለ ውኃ ሞልተው፣ በጨርቅ ጠቅልለው በካርቶኑ በአንዱ በኩል ያስቀምጡላት፤ ከበዛባት ወደ ሌላው ጥግ ትሸሻለች። ካርቶኑን ከድመትና ከቴሌቪዥን ድምፅ ወደራቀ ክፍል ይውሰዱት፤ እየደጋገሙ ከፍተው አይዩ። ይህ ከሁሉም ይከብዳል፤ ከሁሉም የሚጠቅማት ግን ይኸው ነው።

መስታወት መትቷት ብቻ ከሆነ ብዙውን ጊዜ አንድ ሁለት ሰዓት ይበቃታል። ካርቶኑ ውስጥ ስትንኮሻኮሽ ሲሰሙ ወደ ግቢ ያውጡትና ክዳኑን ይክፈቱ። ቤት ውስጥ ከተከፈተ ተመልሳ መስኮት ትመታለች። ከመሸ ግን እስኪነጋ መጠበቅ ይሻላል።

ክንፏ ከተንጠለጠለ ወይም ድመት ከነካቻት ጉዳዩ የሐኪም ነው። የድመት ጥርስ ያስገባው ባክቴሪያ፣ ቁስሉ ከላባው ሥር ባይታይ እንኳ፣ በአጭር ጊዜ ደሟን ይመርዛልና በዚያው ቀን አንቲባዮቲክ ያስፈልጋታል። ስብራቱንም ቤት ውስጥ በእንጨት ማሰር አይገባም፤ ጎበዝ ወጌሻም ቢሆን። የወፍ አጥንት ስስና ውስጡ ባዶ ነው፤ ቶሎ ይገጥማል፤ ተጣሞ ከገጠመ ደግሞ መብረር ቀረ ማለት ነው። ቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የእንስሳት ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት ነው፤ በየከተማው ያሉ የእንስሳት ክሊኒኮችም አሉ። የወደቀችው ጭልፊት ከሆነች ከምንቃሯ ይልቅ ጥፍሯን ይፍሩ፤ ያለ ወፍራም ጨርቅ አይንኳት።

መሬት ላይ የተገኘ ጫጩት ሁሉ ግን የተጎዳ አይደለም። ላባ አውጥቶ፣ ጅራቱ አጭር ሆኖ እየዘለለ የሚሄደው መብረር የሚማር ነው፤ ወላጆቹ በቅርብ ሆነው ይመግቡታል። ድመቷን አስሮ እሱን መተው ነው። ላባ ያላወጣው ወደ ጎጆው ይመለስ። የሰው እጅ የነካውን እናቱ አትቀበለውም የሚባለው እውነት አይደለም።

ዶሮ የሚያረቡ ከሆነ ወፏን ከዶሮዎቹ ያርቁ፤ የዱር ወፍ ፈንግል ልታመጣ ትችላለች። እጅዎንም በሳሙና ይታጠቡ። ስትድን ደግሞ ለልጆች መጫወቻ ብሎ በቀፎ ማስቀረት አይገባም፤ የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝ በሕግ የተከለከለ ነው።

ወፍ የሚላተምበት መስኮት ካለዎት ከውጭ በኩል በየ5 ሴንቲሜትሩ መስመር ያስምሩበት፤ ሳሙናም ይበቃል። በቅርብዎ ያለውን የእንስሳት ክሊኒክ ስልክ ቁጥርም ዛሬውኑ ይመዝግቡ፤ ወፍ ያክሙ እንደሆነ አስቀድመው ደውለው ይጠይቁ።