አዋቂው ታካሚና የጥርስ ክሊኒኩ ተግሣጽ

ጥርሱን ለማሳጠብ ወይም የታመመ ጥርሱን ለማሳየት ወደ ክሊኒክ የሚሄድ አዋቂ ሰው ከሕመሙና ከወጪው ባልተናነሰ የሚፈራው ነገር ቢኖር ጥርሱን ባለመጠበቁ የሚደርስበት ወቀሳ ነው። በሥራው የተከበረ፣ ልጆች ያሳደገ፣ ቤቱን የሚያስተዳድር ሰው በዚያ ወንበር ላይ ተንጋሎ «በቀን ስንት ጊዜ ይቦርሻሉ? የጥርስ ክርስ ይጠቀማሉ? እስከዛሬ የት ነበሩ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ መልሱ ምንም ይሁን ምን ጥፋተኛ መባሉ እንደማይቀር ይሰማዋል። ይህን ስሜት ከኩራት ወይም ከሆደ ባሻነት ቆጥሮ ማለፍ ቀላል ነው፤ ይሁን እንጂ ሰዎች ሕክምናን እስከመሸሽ የሚያደርሳቸው በመሆኑ፣ ተግሣጹ ከየት እንደመጣ፣ ምን ያህል እውነት እንደያዘና ምን ውጤት እንደሚያስከትል በቁም ነገር መመርመር ይገባል።

በአሜሪካና በአንዳንድ የአውሮፓ አገሮች የጥርስ እጥበቱንና የአፍ ንጽህና ምክሩን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ሐኪሙ ሳይሆን ሃይጂኒስት ተብሎ የሚጠራው የጥርስ ንጽህና ባለሙያ ነው። ባለሙያው የሚሊሜትር ምልክት ያለበትን ቀጭን መለኪያ በጥርስና በድድ መካከል እያስገባ፣ በእያንዳንዱ ጥርስ ዙሪያ ስድስት ቦታ ይለካል፤ ውጤቱንም «ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አምስት፣ ይደማል» እያለ ለሚመዘግበው ረዳት ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራል። እስከ ሦስት ሚሊሜትር የሚደርስ ጥልቀት በአብዛኛው የጤናማ ድድ መለያ ሲሆን፣ አራትና ከዚያ በላይ ሲሆን ግን ድዱ ከጥርሱ እየተላቀቀ ተህዋስያን የሚሸሸጉበት ኪስ መፈጠሩን ሊያመለክት ይችላል። አፉ ተከፍቶ መናገር የማይችለው ታካሚ የቁጥሮቹ ትርጉም አስቀድሞ ካልተነገረው፣ የወደቀበት የፈተና ውጤት በክፍል ጓደኞቹ ፊት እንደሚነበብበት ተማሪ መሳቀቁ አያስደንቅም።

የሙያው ታሪክ ራሱ ከትምህርት ቤት ጋር የተያያዘ ነው። በአሜሪካ ኮነቲከት ግዛት፣ ብሪጅፖርት ከተማ ይሠራ የነበረው የጥርስ ሐኪም አልፍሬድ ፎንስ እ.ኤ.አ. በ1906 ዘመዱ የሆነችውንና በረዳትነት ታገለግለው የነበረችውን አይሪን ኒውማንን የታካሚዎችን ጥርስ እንድታጸዳ አሠለጠናት፤ በ1913 ደግሞ የመጀመሪያውን የሃይጂኒስቶች ማሠልጠኛ ከፈተ። ከዚያ ከተመረቁት ሴቶች ብዙዎቹ የተሰማሩት በከተማዋ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ሲሆን፣ ሥራቸውም የልጆችን ጥርስ ማጽዳትና አቦራረሽ ማስተማር ነበር። ዓላማው የተቀደሰ፣ ለዘመኑም ትልቅ እመርታ ነበር። ነገር ግን ለስድስት ዓመት ልጅ የሚስማማው የ«እንዲህ አድርግ፣ እንዲህ አታድርግ» አነጋገር ወደ አዋቂዎች ክሊኒክ ሲሸጋገር የሚገባውን ያህል አለመለወጡ የዛሬው ቅሬታ አንዱ ምንጭ ነው ማለት ይቻላል።

ተግሣጹ የተመሠረተበት እውነት ግን ጽኑ መሆኑን መካድ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1965 ሃራልድ ሎየ የተባለው ኖርዌያዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በዴንማርክ ኦርሁስ ከተማ ድዳቸው ጤናማ የሆነ አሥራ ሁለት ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ አደረጉ። በጥርስ ላይ የሚጋገረውና ፕላክ የሚባለው ለስላሳ የተህዋስያን ሽፋን እየወፈረ ሄዶ፣ ከአሥር እስከ ሃያ አንድ ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሁሉም ድድ ተቆጣ፤ ማጽዳቱን እንደገና ሲጀምሩም በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ጤናው ተመለሰ። በዚህም ፕላክ የድድ መቆጣት መንስኤ መሆኑ በግልጽ ታየ፤ በየቀኑ ያልተወገደ ፕላክ በምራቅ ውስጥ ባሉ ማዕድናት ጠንክሮ ታርታር ወደሚባለው ድንጋይ መሰል ቅርፊት ሲለወጥ ደግሞ በብሩሽ ስለማይለቅ በባለሙያ መሣሪያ መነሳት ይኖርበታል።

ከዚህ ተነስቶ ጥርሱ የተጎዳ ሁሉ ቸልተኛ ነው፣ ጥርሱ ያማረ ሁሉ ደግሞ ትጉህ ነው ወደሚል ፍርድ መዝለል ግን ስህተት ነው። ይኸው ሎየ ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር በስሪላንካ የሻይ እርሻዎች የሚሠሩና ጥርሳቸውን በመደበኛነት የማያጸዱ 480 ወንዶችን እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ለአሥራ አምስት ዓመታት ተከታትሎ ነበር። የሁሉም ጥርስ በፕላክና በታርታር የተሸፈነ፣ የጥርስ ሕክምናም የማያገኙ ነበሩ። ሆኖም በ1986 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው 8 ከመቶ በሚሆኑት ላይ ጥርስን የሚይዘው አካል በፍጥነት ሲወድም፣ በ81 ከመቶው ላይ ጉዳቱ መካከለኛ ነበር፤ 11 ከመቶ የሚሆኑት ግን ድዳቸው ከመቆጣት ያለፈ ጉዳት አልደረሰባቸውም። በተመሳሳይ ቸልተኝነት ውስጥ እንዲህ የተለያየ ዕጣ ከታየ፣ በተመሳሳይ ትጋትም ውስጥ አንዱ ተጎድቶ ሌላው ሊድን እንደሚችል መገመት አያዳግትም፤ በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት፣ የስኳር በሽታ፣ ትምባሆና እርግዝና ሁሉ በድድ ላይ የየራሳቸው ተጽዕኖ አላቸው። ለደም ግፊት፣ ለድብርትና ለአለርጂ የሚታዘዙ ብዙ መድኃኒቶች ደግሞ ምራቅ ይቀንሳሉ፤ ጥርስን ከአሲድ የሚከላከለው ምራቅ ሲጎድል በቀን ሁለት ጊዜ የሚቦርሽ ሰው ጥርስ እንኳ ሊቦረቦር ይችላል።

የመልክ ፍርድ ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል የሚያስረዳ ምሳሌ በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ይገኛል። በወንጂ፣ በመቂና በዝዋይ ዙሪያ የሚገኘው የከርሰ ምድር ውሃ ከእሳተ ገሞራ ዐለቶች የሚያገኘው ፍሎራይድ በብዙ ቦታዎች የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ጣሪያ እጅግ ይበልጣል። በጥቂት መጠን ጥርስን የሚያጠነክረው ይህ ንጥረ ነገር፣ የቋሚ ጥርስ የላይኛው ቅርፊት በድድ ውስጥ ሆኖ በሚሠራበት ከልደት እስከ ስምንት ዓመት ገደማ ባለው ዕድሜ ከመጠን በላይ ሲወሰድ የቅርፊቱን አሠራር ያዛባል፤ ይህም የጥርስ ፍሎሮሲስ ይባላል። ቀላሉ እንደ ኖራ የነጣ መስመርና ነጠብጣብ ሲሆን፣ ከባዱ ጥርሱን ቡናማ አድርጎ ገጹን ይቦረቡረዋል። የዚያ አካባቢ ተወላጅ አዲስ አበባም ይኑር ዋሽንግተን፣ ቡናማውን ቀለም በመቦረሽ ሊያስለቅቀው አይችልም፤ ጉዳዩን የማያውቅ ባለሙያ «ጥርስዎን አይቦርሹም እንዴ?» ሲለው የሚወቀሰው እርሱ ባልመረጠውና በሕፃንነቱ በጠጣው ውሃ ምክንያት ነው። ይህ ሰው በተግሣጹ ተሸማቆ በጠንካራ ብሩሽ አጥብቆ መፈግፈግ ቢጀምር ደግሞ ድዱ ሊሸሽ፣ የጥርሱ ሥርም ሊጋለጥ ይችላል፤ ማለትም ምክሩ ራሱ አዲስ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። የሚጠቅመው ቅርፊቱን በስሱ ማለስለስ፣ ማንጣት ወይም ጥርሱን የሚመስል መሸፈኛ ማስለበስ ነው፤ ይህን ለማወቅ አንድ ጥያቄ፣ «ልጅነትዎን የት አሳለፉ?» የሚለው ብቻ፣ በቂ ነበር።

በክሊኒኩ ወንበር ላይ የሚሰጠው ምክር ሁሉ እኩል ማስረጃ ያለው አለመሆኑም መታወስ አለበት። ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና የጥርስ መቦርቦርን እንደሚቀንስ የሚያሳየው ማስረጃ ብዙና ጠንካራ ነው። በጥርስ መካከል የሚሳበው ክር ግን፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ የዜና አገልግሎት አሶሼትድ ፕሬስ እንደዘገበው፣ ከ1979 ጀምሮ በመንግሥት መመሪያ ሲመከር ቆይቶ ማስረጃው ሲጠየቅ ደካማ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ማለት ክሩ አይጠቅምም ማለት አይደለም፤ ድዱ ለሚደማ ሰው ሊረዳ ይችላል፣ በጥርሶቹ መካከል ክፍተት ላለው ደግሞ ትንንሾቹ የጥርስ መካከል ብሩሾች የተሻሉ ሊሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን ክር ያልተጠቀመን አዋቂ እንደ ትልቅ አጥፊ የሚያስቆጥር ማስረጃ የለም፤ የጸናውንና ያልጸናውን ለይቶ ለታካሚው በእውነት መንገርም የአክብሮት አንዱ መገለጫ ነው።

የተግሣጽ ትልቁ ድክመት ግን የታለመለትን ውጤት አለማምጣቱ ነው። ኤልዛቤት ኬይና ዴቪድ ሎከር በዘመናቸው የነበሩትን የአፍ ጤና ትምህርት ጥናቶች ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ግምገማ፣ ትምህርቱ የሰዎችን ዕውቀት እንደሚጨምርና ፕላክን ለጊዜው በመጠኑ እንደሚቀንስ፣ በጥርስ መቦርቦር ላይ ግን ፍሎራይድ ካልታከለበት ይህ ነው የሚባል ለውጥ እንደማያመጣ አስረድተዋል። አብዛኛው አዋቂ ጥርስ መቦረሽ እንዳለበት ያውቃል፤ የሚያውቀውን ደግሞ መንገር ችግሩ ያለበትን ቦታ አይነካም። ጃክ ብሬም የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1966 ባቀረበው ንድፈ ሐሳብ መሠረትም፣ ሰው የመምረጥ ነፃነቱ የተነካ ሲመስለው የታዘዘውን በመተው ነፃነቱን ለማስመለስ ይገፋፋል። ከሁሉ የሚከፋው ስዊድናዊው ኡልፍ ቤሪግሬን በ1980ዎቹ የገለጸው አዙሪት ነው፤ የፈራ ሰው ሕክምናን ይሸሻል፣ ሲሸሽ ጥርሱ ይበላሻል፣ ሲበላሽ ያፍራል፣ ያፈረም ይበልጥ ይሸሻል። በዚህ አዙሪት ውስጥ ያለን ሰው «እስከዛሬ የት ነበሩ?» ብሎ መቀበል፣ በስንት ጭንቅ የመጣውን ሰው መልሶ ማባረር ነው።

ወቀሳ የምርመራውንም ትክክለኛነት ይጎዳል። የሚወቀስ ሰው ይዋሻል፤ በቀን ሁለቴ እቦርሻለሁ ይላል፣ ሲጋራውንና ጫቱን ይደብቃል። ሲጋራ የድድን የደም ዝውውር ስለሚቀንስ የአጫሽ ድድ ውስጡ እየታመመ እንኳ ብዙ አይደማም፤ ማጨሱን ያልሰማ ባለሙያም በዚህ ሊታለል ይችላል። ሐቁን ያለ ፍርሃት መናገር የሚቻልበት ክሊኒክ፣ በዚህ ምክንያት፣ ከትሕትናም አልፎ የተሻለ ሕክምና የሚሰጥበት ክሊኒክ ነው።

ለባለሙያዎቹ ፍትሕ ለመስጠት፣ ገና በጊዜው ቢታይ የሚድን ጥርስ ሲነቀል ቀኑን ሙሉ የሚያይ ሰው ማዘኑና መቆጣቱ የሚጠበቅ ነው፤ ጊዜው አጭር፣ ታካሚው ብዙ፣ ያየውን መናገርም የሙያ ግዴታው ነው። በተለይ ሕዝቡ በአብዛኛው ሕመሙ ሲጠና ብቻ ወደ ጥርስ ሐኪም በሚሄድበት በኢትዮጵያ ይህ ሐዘን ይገባል። ስለዚህ የሚፈለገው ዝምታ አይደለም፤ የሚደማ ድድን አይቶ ማለፍ ከተግሣጽ የከፋ በደል ነው። ለዚህ የሚበጀው ዊልያም ሚለር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1983 በመጠጥ ለተቸገሩ ሰዎች ያቀረበውና በኋላ ወደ ጥርስ ሕክምና የገባው፣ ሞቲቬሽናል ኢንተርቪዊንግ የሚባለው የውይይት ዘዴ ነው፤ በዚህ ዘዴ ባለሙያው ከማዘዙ በፊት ይጠይቃል፣ መረጃ ለመስጠት ፈቃድ ይጠይቃል፣ ታካሚውም ለመለወጥ የራሱን ምክንያት በራሱ አንደበት እንዲናገር ይረዳዋል። ፊሊፕ ዋይንስታይንና ባልደረቦቹ በካናዳ ብሪትሽ ኮሎምቢያ በሚኖሩ የደቡብ እስያ ስደተኛ ቤተሰቦች ውስጥ ባደረጉትና በ2004 ባሳተሙት ጥናት 240 ሕፃናትን በሁለት ከፍለው፣ የአንዱን ወገን እናቶች በጽሑፍና በቪዲዮ ብቻ አስተማሩ፤ የሌላውን ወገን ግን በተጨማሪ በዚህ መንገድ አወያይተው በስልክ ተከታተሏቸው። ከአንድ ዓመት በኋላ የሁለተኛዎቹ ልጆች አዲስ የጥርስ ጉዳት በግልጽ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በኋላ በተደረጉ ጥናቶች ውጤቱ በሁሉም ቦታ እንዲህ አላማረም፤ ቢያንስ ግን ማክበር የሕክምናውን ውጤት እንደማይቀንስ ታይቷል።

በውጭ አገር ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች አንድ ተጨማሪ ጫና አለ፤ እንግሊዝኛ የማይችሉ ወላጆች ልጃቸውን አስተርጓሚ አድርገው ሲሄዱ፣ ተግሣጹ ወደ እናት ወይም ወደ አባት የሚደርሰው በገዛ ልጃቸው አፍ ነው። ይህ ለወላጅም ለልጅም የሚከብድ ነው፤ የሚያስፈልግም አይደለም፤ ምክንያቱም በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ የጤና ተቋማት ለታካሚው አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ቀጠሮ ሲያዝ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ብሎ ማስመዝገብ ነው።

ታካሚውም ወንበሩ ላይ ከመቀመጡ በፊት ሊናገር የሚችለው ብዙ ነው። ለረጅም ጊዜ እንዳልታየ፣ ይህንንም ራሱ እንደሚያውቅና ከዛሬ መጀመር እንደሚፈልግ ቢያስታውቅ ተገቢ ነው፤ የሚለካው ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ፣ ፕላኩ የቀረበትን ቦታ በመስታወት እንዲያሳዩት፣ ሁሉንም በአንዴ ከማድረግ ይልቅ ለእርሱ አፍ ቅድሚያ የሚሰጠው አንድ ነገር የትኛው እንደሆነ ይጠይቅ። እጁን ሲያነሳ ሥራው እንዲቆም አስቀድሞ መስማማትም ይችላል። ድዱ በተደጋጋሚ የሚደማ፣ ጥርሱ የሚነቃነቅ ወይም ቀዝቃዛና ትኩስ የሚጠዘጥዘው ሰው ከዚህ በፊት የሰማው ወቀሳ ቀጠሮ ከመያዝ አያግደው፤ አንዱ ክሊኒክ ካላከበረው ሌላውን ይሞክር።