ከክትባት በኋላ ትኩሳት ያልያዘው ሰው አልተከተበም ማለት ነውን?

በቅርቡ ጦር ኃይሎች አካባቢ ከዐስር ሶላት በኋላ ከመስጂድ ስንወጣ፣ ለዑምራ የሚዘጋጁ አንድ አባት አስቆሙኝ። “ልጄ፣ የቢጫ ወባ ክትባት ከተወጋሁ ሦስት ቀኔ ነው። አብሮኝ የተወጋው ጎረቤቴ ሲያተኩሰው አደረ፤ እኔን ግን ምንም አላለኝም። መድኃኒቱ አልሠራልኝ ይሆን? ጉዞዬ እኮ ከአምስት ቀን በኋላ ነው” አሉኝ። ጥያቄያቸው የብዙዎቻችን ስለሆነ አብረን እንመልከተው።

ቢጫ ወባ ስሙ ቢመሳሰልም ከምናውቀው ወባ የተለየ፣ በትንኝ የሚተላለፍ የቫይረስ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተነሥቶ 30,000 ገደማ ሕዝብ እንደፈጀ ይገመታል። በ2020ም በጉራጌ ዞን ተከሥቶ ነበር። ሳዑዲ ዐረቢያ ከአገራችን የሚሄዱ ተጓዦችን የክትባት ካርድ የምትጠይቀው ለዚህ ነው።

ክትባት ሲሰጠን ሰውነታችን ሁለት ሥራ ይጀምራል። አንደኛው ፈጣን ነው። ሰውነት እንግዳ ነገር መግባቱን ሲያውቅ ብግነት ይነሣል፤ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ቁርጥማት የሚመጡት ከዚህ ነው። በብግነት ጊዜ ጉበት ሲ.አር.ፒ. የተባለ ፕሮቲን ያመርታል። ይህ ፕሮቲን በሰዓታት ውስጥ በደም ውስጥ ይጨምራል፤ ብግነቱ ሲያልፍም ቶሎ ይቀንሳል። ኢ.ኤስ.አር. የሚባለው ምርመራ ደግሞ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ቀስ ብሎም ይወርዳል። ሁለቱም ብግነት መኖሩን እንጂ የበሽታውን ስም አይናገሩም፤ የመከላከል አቅማችንንም አይለኩም።

ሁለተኛው ሥራ ጊዜ ይፈልጋል። ነጭ የደም ሴሎች ለዚያ ቫይረስ ብቻ የሚሆን አንቲቦዲ (ፀረ እንግዳ አካል) ያመርታሉ። በቢጫ ወባ ክትባት፣ በ10 ቀን ውስጥ ከ100 ተከታቢዎች ቢያንስ 80ዎቹ፣ በ30 ቀን ደግሞ ከ99 በላይ የሚሆኑት ይጠበቃሉ። ካርዱ ከ10ኛው ቀን በፊት የማይጸናው በዚህ ምክንያት ነው። ከጸና በኋላ ግን፣ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2016 ወዲህ በወጣው ደንብ መሠረት ለዕድሜ ልክ ያገለግላል።

አንቲቦዲ ያለ ትኩሳትም ይፈጠራል። የኮቪድ ክትባት በአገራችን ከመጀመሩ በፊት በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሠራተኞች ላይ ጥናት ተደርጎ ነበር። አንቲቦዲ የተገኘባቸው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 ከ100 ሰዎች 11 ያህል ነበሩ፤ በየካቲት 2021 ግን 54 ገደማ ደረሱ። ኮቪድ ደግሞ ብዙዎችን ምንም ምልክት ሳያሳይ እንደሚይዝ የታወቀ ነው። ስለዚህ ትኩሳት የያዘው ሰው “መድኃኒቱ ጎዳኝ”፣ ያልያዘውም “አልሠራልኝም” ብሎ አይደምድም።

ትኩሳት ከመጣ ውኃና ሾርባ ማብዛት፣ ዕረፍት ማድረግና እንደ ታዘዘው ፓራሲታሞል መውሰድ ይበቃል። ለልጆች አስፒሪን አይሰጥም። ትኩሳቱ ከጠና፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ፊት ካበጠ ወይም ዐይን ቢጫ ከሆነ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑ፣ ነፍሰ ጡሮች፣ እንቁላል ክፉኛ የማይስማማቸውና የመከላከል አቅማቸው የደከመ ሰዎች ይህን ክትባት ከመወጋታቸው በፊት ለሐኪም ይንገሩ።

ለእኚያ አባትም “አባባ፣ ትኩሳቱ አያሳስብዎ፤ የሚያሳስበው ቀኑ ነው። በጉዞዎ ዕለት ገና ስምንት ቀንዎ ነው” አልኳቸው። በማግስቱ ልጃቸው ትኬታቸውን ለአንድ ሳምንት አራዘመላቸው። እናንተም ካሰባችሁ ከወር በፊት ተከተቡ።

አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።