ፒሲ ወይስ ፕሌይስቴሽን? ጌም ስንጫወት የሚያዞረን ለምንድነው?

"ዶክተር፣ ልጄ ፕሌይስቴሽን ሲጫወት ያጥወለውለዋል፣ ፒሲ ብገዛለት ይሻለው ይሆን?" የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር ደጋግሞ ይደርሰኛል። እኔ የማሽኑን ስም ብዙም አላይም። የማየው ምስሉ ሳይንተፋተፍ መሄዱንና ልጁ ከስክሪኑ ምን ያህል ርቆ እንደሚቀመጥ ነው።

ሳይበርፐንክ 2077ን እንውሰድ (ጌሙ የአዋቂ ነው፣ ለልጅ አይገዛም!)። በዲሴምበር 2020 እ.ኤ.አ. ሲወጣ አቅም ያለው ፒሲ ላይ በሰከንድ 60 ፍሬም፣ ማለትም 60 ምስል፣ እና ከዚያም በላይ ይሄድ ነበር። ፕሌይስቴሽን 4 እና ኤክስቦክስ ዋን ላይ የታሰበው 30 ነው፤ እሱም ግርግር ሲበዛ ይወርዳል፣ ይቆራረጣል። ሶኒ በሳምንቱ ከመሸጫው አውርዶት የመለሰው በጁን 2021 ነው። በ2022 ለፕሌይስቴሽን 5 ሲስተካከል ምርጫ መጣ፦ ወይ በ60 ፍሬም መጫወት፣ ወይ ብርሃንና ጥላውን አሳምሮ በ30።

ይሄ ከጤና ጋር ምን አገናኘው? ሶፋ ላይ ቁጭ ብላችሁ መኪና ስትነዱ ዓይናችሁ ለአንጎል "እየሄድን ነው" ይለዋል። ሚዛን የሚጠብቀው የውስጠኛው ጆሮ ደግሞ "ኧረ ቁጭ ብለናል" ይላል። አንጎል ሲምታታበት ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ላብ ላብ ማለት ይመጣል። ምስሉ ሲንተፋተፍ፣ ጣታችሁ ካዘዘው በኋላ ስክሪኑ ሲዘገይ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ለሚያዞረው ሰው 60ውን ምረጡለት፤ ውበቱ ይቅር።

ሁለተኛው ነገር ርቀት ነው፣ ብዙ ሰው አያስበውም። የቲቪ ጌም ከሶፋ ለሚያይ ሰው ስለሚታሰብ ብዙ ጊዜ ጠበብ ያለ እይታ ነው የሚያሳየው። ያንኑ ስክሪን አፍንጫችን ስር ስናስጠጋው ግን በባይኖኩላር እያዩ እንደ መሮጥ ይሆናል። ማን አያዞረውም? የፒሲ ተጫዋች ቅርብ ስለሚቀመጥ "ፊልድ ኦፍ ቪው" የሚለውን ሴቲንግ ሰፋ ማድረግ አለበት። "ሞሽን ብለር" የሚለውንም ያጥፋ። የማቅለሽለሽ ስሜቱ ሲጀምር ወዲያው ማቆም ነው፤ "ልልመደው" ብሎ መቀጠል አያዋጣም። ጌም ሳይጫወት ጭምር የሚያዞረው ካለ ግን ይመርመር።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ይሄው ጌም ሊወጣ ቀናት ሲቀሩት፣ እየገመገመችው የነበረች አንዲት ጋዜጠኛ የሚጥል በሽታ ተነሳባት። ምክንያቱ ጌሙ ውስጥ ቶሎ ቶሎ የሚበሩ ቀይና ነጭ መብራቶች ነበሩ። ኩባንያው ማስጠንቀቂያ ጨመረ፣ ብልጭታውንም አስተካከለ። ይህን ውድ ፒሲም አይፈታውም። የሚጥል በሽታ ካለባቸው 100 ሰዎች ወደ 3 የሚሆኑት ብልጭታ ይቀሰቅስባቸዋል፤ በተለይ ልጆችና ወጣቶች ላይ፣ በተለይ በሰከንድ ከ3 እስከ 30 ጊዜ ሲበልጭ። ስክሪኑ በቀረበና ክፍሉ በጨለመ ቁጥር አደጋው ይጨምራል። መጋረጃ ጋርደው የሚያጫውቱ ፕሌይስቴሽን ቤቶችን የማልወደው ለዚህ ነው። እንቅልፍ ማጣትና መድኃኒት መዝለልም ያባብሰዋል።

ብልጭታው ድንገት ከመጣ አንድ ዓይንን በመዳፍ ሙሉ በሙሉ ሸፍኖ ፊትን ማዞር ነው። ሁለቱንም ዓይን ጨፍኖ መቆየት ብቻ አይበቃም፣ ብርሃኑ በቆብ ውስጥ ያልፋል።

ልጁ ከወደቀ እቃ ከአጠገቡ አርቁ፣ ከራሱ ስር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ መንፈራገጡ ሲቆም በጎኑ አስተኙት። ክብሪት አታሽትቱት፣ ማንኪያም ሆነ ጣት አፉ ውስጥ አትክተቱ። ሰዓት ያዙ። መንፈራገጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም የመጀመሪያ ጊዜው ከሆነ፣ ቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።