ሹሩባን ስለ መሠራትና ስለ መፍታት

ስለ ጠጉር ልንጽፍ ስንነሣ፣ አንዳንድ ወንድሞቻችን «የተማሪዎች ማኅበር መጽሔት የሴቶች ጓዳ ሆነ ወይ?» ብለው እንደሚሥቁብን እናውቃለን። መሣቁን ይሣቁ፤ ነገር ግን አፄ ቴዎድሮስም ሹሩባ ይሠሩ እንደ ነበረ አይርሱ። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተወሰደው ጠጉራቸው በ2011 ዓ.ም. ከለንደን ሲመለስ፣ ጠጉር እንደ ዋዛ የሚታይ ነገር አለመሆኑን ሁላችንም አይተናል።

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን ግን በማደሪያችን የደረሰ ነገር ነው። አንዲት ጓደኛችን ለበዓል የተሠራችውን ቀጭን ሹሩባ ሦስት ወር ሙሉ ሳትፈታ ቆየች። በፈተና ዋዜማ ሌሊት ራስዋን ቢያሳክካት ተነሥታ፣ በጨለማ፣ በችኮላ እየጐተተች ትፈታው ጀመር። ጧት ስናያት ትራስዋ ላይ እፍኝ ሙሉ ጠጉር ወድቋል፤ እስዋም «ተመለጥሁ» እያለች ታለቅሳለች። ፈተናውን የተቀመጠችው ራስዋን በሻሽ ጠምጥማ ነው። ይህ በሌላ እኅታችን እንዳይደርስ፣ ጠይቀንና አንብበን የተረዳነውን ከዚህ በታች እናቀርባለን።

በመጀመሪያ የጠጉርን ጠባይ ማወቅ ይገባል። ከቆዳ በላይ የሚታየው ጠጉር ሕይወት የለውም፤ ሕይወት ያለው ከቆዳ በታች ያለው ሥሩ ብቻ ነው። ስለዚህ የተሰበረ ጠጉር አይጠገንም፤ ሥሩ ደኅና ከሆነ ግን በወር አንድ ሴንቲሜትር ያህል እያደገ ይተካል። የራስ ቆዳችን የሚያመነጨው ቅባት በዘርፋፋ ጠጉር ላይ እስከ ጫፍ ይወርዳል። በተጠቀለለ ጠጉር ላይ ግን በየመጠምዘዣው እየተገታ ይቀራል፤ ጫፉም ይደርቃል፤ የደረቀውም በሚዶ ሲጐተት ይሰበራል። የሹሩባ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ጫፉን ሰብስቦ ይይዛል፤ በየቀኑ ከመበጠርም ያሳርፈዋል። እናቶቻችን ቅቤ የሚቀቡትም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቅባቱ የጠጉሩ እርጥበት ቶሎ እንዳይተን ያግዳል።

ይሁን እንጂ ሹሩባ ጠጉርን የሚጠብቀው ራሱ ከመጠን በላይ ያልጠበቀ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ብዙዎቻችን «ብዙ ጊዜ እንዲቆይልኝ ጠበቅ አድርጊው» እንላለን። ከዚያ በኋላ ግንባር ይወጠራል፤ ማታ ትራስ ላይ መተኛት ያቅታል፤ በማግሥቱም በየጠጉሩ ሥር ትንንሽ ብጉር ይወጣል። ይህ ሕመም የውበት ዋጋ ነው እየተባለ ይታለፋል፤ በእውነቱ ግን ሥሩ እየተጐዳ መሆኑን የሚያስታውቅ ምልክት ነው። ጉዳቱ አስቀድሞ የሚታየው በግንባር ዳርና ከጆሮ በላይ ባለው ስስ ጠጉር ላይ ነው። በቀጭን ሹሩባ ላይ ከባድ ሰው ሠራሽ ጠጉር ሲጨመርበት ደግሞ የባሰ ይሆናል።

ይህ ዓይነቱ መመለጥ በሕክምና ጽሑፍ መጀመሪያ የተገለጸው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1907 ሲሆን፣ የታየውም በግሪንላንድ ጠጉራቸውን አጥብቀው በሚያስሩ ሰዎች ላይ ነበር። እንግዲህ ጥፋቱ የመወጠር እንጂ የኛ ዓይነት ጠጉር አይደለም። መወጠሩ በጊዜ ከተተወ ጠጉሩ ይመለሳል፤ ለዓመታት ከቀጠለ ግን ሥሩ ጠባሳ ይሆንና ዳግመኛ አይበቅልም። ስለዚህ በምትሠሩበት ጊዜ ካመማችሁ «ይህችን ፈትተሽ አላልተሽ ሥሪልኝ» ለማለት አትፈሩ። የሠሪዋ ቅሬታ ያልፋል።

ተራውን ሹሩባ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ መፍታት ይሻላል። ሰው ሠራሽ ጠጉር የተጨመረበትም ቢሆን ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባያልፍ መልካም ነው። አፈታቱም እንደሚከተለው ይሁን።

አንደኛ፤ ጊዜ ያላችሁበትን ቀን ምረጡ፤ ከኋላ የምትፈታላችሁ ጓደኛም ያዙ።

ሁለተኛ፤ የተጨመረ ጠጉር ካለ የራሳችሁ ጠጉር የት ላይ እንደሚያልቅ በጣት ዳስሳችሁ፣ ከዚያ በታች ብቻ ቁረጡ። ተራ ሹሩባ ከሆነ መቀስ አያስፈልግም።

ሦስተኛ፤ ከጫፍ ጀምራችሁ ወደ ሥር እየወጣችሁ በጣት ፍቱ። በሥሩ ዙሪያ እድፍና ጠጉር ተያይዞ ከተገኘ በቅባት አርሳችሁ በጣት ለያዩት እንጂ አትጐትቱት።

አራተኛ፤ ሳታፍታቱ አትታጠቡ። ውኃ የነካው ጠጉር እርስ በርሱ ይቋጠራል፤ ሲረጥብም በቀላሉ ይበጠሳል። አስቀድማችሁ ጥርሱ በተራራቀ ሚዶ ከጫፍ ወደ ሥር አበጥሩ፤ ከዚያ በኋላ ታጠቡ።

አምስተኛ፤ እንደ ገና ከመሠራታችሁ በፊት ቢያንስ አንድ ሳምንት አሳርፉት።

ሲፈታ ብዙ ጠጉር ቢወድቅ አትደንግጡ። ማንም ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ጠጉር ይረግፍለታል። በሹሩባ የተያዘው ግን መውደቂያ ስለሌለው ይጠራቀማል፤ በሦስት ወር ከ4,500 እስከ 9,000 ይደርሳል ማለት ነው። ጊዜው ደርሶ የረገፈ ጠጉር በአንድ ጫፉ ነጭ ነጥብ አለበት፤ አጭር ሆኖ ነጥብ የሌለው ግን የተሰበረ ነው።

የጓደኛችንንም እፍኝ ጠጉር በዚህ ዓይነት ብንመረምረው የሚበዛው በጊዜው የረገፈ ሆኖ አገኘነው። ያን ሌሊት ይህን ብታውቅ ኖሮ ባላለቀሰችም ነበር። ከጆሮዋ በላይ የተገለጠው ቦታ ግን በእውነት የሹሩባው መጥበቅ ያመጣው ነው። አሁን አራት ወር ሆኖት ሦስት ሴንቲሜትር ያህል በቅሏል፤ እስዋም ላላ ያለ ሹሩባ እንጂ ሌላ አትሠራም። እኛም በማደሪያችን አንድ ደንብ አውጥተናል፤ በፈተና ሰሞን ማንም ብቻዋን ሹሩባ አትፈታም። ያላትን ሰዓት ነግራን እናግዛታለን።