የቡና ፍሬ ያህል ፈቀቅ ማለት

በያሆዴና በመሳላ በዓላት ሰሞን፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ የሆሳዕና ከተማ ሰማይ ይጠራል። መብራት ወደማይበዛበት የከተማዋ ዳር ወጣ ብለው ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ፊትዎን ወደ ሰሜን ያዙሩ። ክንድዎን ዘርግተው ከአድማሱ ወደ ላይ ሦስት ጡጫ ያህል ይለኩ። እዚያ አካባቢ፣ ጥቂት ወደ ግራ፣ የድመት ዓይን ኔቡላ አለች። በባዶ ዓይን አትታይም፤ በትንሽ ቴሌስኮፕ ግን ደብዘዝ ያለች አረንጓዴ ነጥብ ትመስላለች።

ፕላኔታዊ ኔቡላ ከሚባሉት ወገን ናት። ስሙ አሳሳች ነው፤ ከፕላኔት ጋር ዝምድና የላትም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ዊልያም ኸርሸል በቴሌስኮፑ እንደ ፕላኔት ክብ ሆነው ስለታዩት ያወጣው ስም እንደ ቅጽል ስም ተጣብቆ ቀረ። ነገሩ ነዳጁን የጨረሰ ኮከብ አውልቆ የጣለው ጋዝ ነው። ፀሐያችንም ከ5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ እንዲሁ ታወልቃለች።

ጋዙ እየሰፋ ይሄዳል። ፍጥነቱን የሚነግረን ብርሃኑ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ቅጥቅጥ ክላክስ እያደረገ ሲቀርብ ድምፁ ይቀጥናል፣ አልፎ ሲርቅ ይወፍራል። ብርሃንም እንደዚሁ ነው፤ ምንጩ ሲቀርብ ወደ ሰማያዊ፣ ሲርቅ ወደ ቀይ ያዘነብላል። እ.ኤ.አ. በ1864 ዊልያም ሃጊንስ የዚህችኑ ኔቡላ ብርሃን ሲበትነው እንደ ቀስተ ደመና አልተዘረጋለትም፤ ጥቂት ደማቅ መስመሮች ብቻ ሆኖ ወጣ፣ የጋዝ ምልክት። ከመስመሮቹ አረንጓዴው በምድር ላይ የታወቀ ስላልነበር ኔቡሊየም የሚባል አዲስ ንጥረ ነገር ተፈጠረለት። አይራ ቦወን በ1927 ምስጢሩን ሲፈታው ግን የምንተነፍሰው ኦክስጅን ሆኖ ተገኘ፣ ሁለት ኤሌክትሮን የጎደለው ብቻ። ይህ መስመር በደንብ ሲመረመር ለሁለት ይሰነጠቃል፤ የፊተኛው ጋዝ ወደ እኛ ይመጣል፣ የኋለኛው ይሸሻል። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ፍጥነቱን ይነግረናል። የድመት ዓይን ውስጠኛ ቅርፊት በወገቡ በሰከንድ 16.4 ኪሎ ሜትር ይሰፋል። የአዲስ አበባና የሆሳዕናን 230 ኪሎ ሜትር መንገድ በ14 ሰከንድ መጨረስ ማለት ነው።

እንዲህ የሚበር ነገር በፎቶ ላይ የቆመ ይመስላል። ሀብል ቴሌስኮፕ ኔቡላዋን እ.ኤ.አ. በ1994 እና በ1997 አነሳት። ተመራማሪዎች አሮጌውን ፎቶ በጥቂት በጥቂቱ እያሳደጉ ከአዲሱ ጋር እስኪገጥም ሞከሩ። በሦስቱ ዓመት ቅርፊቱ የሰፋው አንድ መቶኛ አርክ ሰከንድ ያህል ነበር፣ ያውም አንድ ዲግሪ 3,600 አርክ ሰከንድ ሆኖ። በፎቶው ላይ ይህ የአንድ ፒክስል ሩብ እንኳ አይሞላም። አዲስ አበባ ቆመው ሆሳዕና ውስጥ አንድ ሰው ስኒውን የቡና ፍሬ ያህል ፈቀቅ ሲያደርገው እንደማየት ይቁጠሩት። የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ቢሆኑም የአየሩ መንቀጥቀጥ ብቻ ያንን ስኒ አንድ ሜትር ያህል ስለሚያደበዝዘው፣ ሥራው ከአየር በላይ ላለው ለሀብል የሚተው ነው።

አንዱ ልኬት ኪሎ ሜትር ያውቃል፣ ርቀት አያውቅም። ሌላው ማዕዘን ያውቃል፣ ኪሎ ሜትር አያውቅም። ሁለቱ ሲጋቡ ርቀቱ ይወለዳል፦ 3,300 የብርሃን ዓመት ገደማ፣ 900 ወዲያ ወይም ወዲህ።

ጋብቻው ግን አንድ ጠብ አለው። ደመራ ሲቀጣጠል እሳቱ ወደ ላይ ይሮጣል፣ እንጨቱ ግን ከቦታው አይነቃነቅም። በኔቡላዋም የምናየው ደማቅ ጠርዝ የኮከቡ ብርሃን የለኮሰው ግንባር ነው፤ ጋዙ ራሱ ቢጓዝም ግንባሩ ይቀድመዋል። ፎቶው የሚለካው ጠርዙን ነው፣ የብርሃኑ መስመር ደግሞ ጋዙን። ይህን ሳያስተካክል ያሰላ ሰው ኔቡላዋን ከእውነተኛ ቦታዋ አቅርቦ ያስቀምጣታል።

ዕድሜዋን ለመገመት ግን ርቀቱም አያስፈልግም። በፎቶው ላይ ያለውን ስፋት በየዓመቱ ለሚጨመረው ማካፈል ይበቃል፤ 1,000 ዓመት ገደማ ይመጣል። ይህ ግን ብርሃኗ ሲነሳ የነበራት ዕድሜ ነው። ያ ብርሃን ሆሳዕና ለመድረስ ከ3,000 ዓመት በላይ ስለፈጀበት፣ ፍጥነቷ ካልተለወጠ ዛሬ ቅርፊቷ እኛ ከምናየው አራት እጥፍ ሰፍቷል።